ወድቃችሁ እጃችሁ ካበጠ፣ ከመታሸቱ በፊት ይሄን አንብቡ (የእጅ አንጓ ስብራት)

ክረምት ሲገባ እኛ ደሴ ላይ ሰው በየቀኑ ይወድቃል። ጭቃ አለ፣ ድጥ አለ፣ ዳገትና ቁልቁለቱ የከተማው ተፈጥሮ ነው፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሲተኛ ደሞ የምትረግጡትን እንኳን አታዩም። ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ይዘረጋል፣ መሬቱን በመዳፉ ይመታል፣ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ አንጓው ላይ ያርፋል። ከዛ እጁ ያብጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንዱ "ወለምታ ነው ይታሽ" ይላል፣ ሌላው "እገሌ ወጌሻ ጋ ውሰዱት እጁ ፈውስ ነው" ይላል፣ ሆስፒታል የሚል ከተገኘም "ኧረ እዛ ከሄደ ይቆርጡታል" ተብሎ አፉን ይዘጋል። እኔ የምሰራው ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ይሄን የምጽፈውም ለዛች ሰዓት ነው። የአንጓ ስብራት በጊዜ ከታየ ብዙው ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል። እጅ የሚያሳጣው ከተሰበረ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት የምናደርግበት ነገር ነው፣ በተለይ መታሸትና ጠብቆ መታሰር።

ምኑ ነው የሚሰበረው

ከክርናችሁ ወደ መዳፋችሁ ሁለት ረጃጅም አጥንቶች ይወርዳሉ። በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ ይባላል፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና። ከነሱ ቀጥሎ መዳፉ ስር 8 ትንንሽ አጥንቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በብዛት የሚሰበረው የራዲየስ ጫፍ ነው፣ ከአንጓው መታጠፊያ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ። ሲሰበር ጫፉ ወደ እጅ ጀርባ ይሸሻል፣ እጁን ከጎን ስታዩት ጠረጴዛ ላይ የተደፋ ሹካ ይመስላል። አብርሃም ኮሌስ የሚባል የአየርላንድ ቀዶ ሐኪም ይሄን ስብራት የጻፈው በ1814 እ.ኤ.አ. ነው፣ ራጅ የመጣው ደሞ በ1895 ነው፣ ማለትም ሰውየው በዓይኑና በእጁ ብቻ ነው የለየው። እናንተም ትችላላችሁ። ሁለቱንም እጆች ጎን ለጎን አስቀምጡና አስተያዩ፣ አንዱ ከጎበጠ ወይ ወደ ጎን ከሄደ ወለምታ ነው እያላችሁ አትከራከሩ።

የሚያሳስተው ቅርጹ የማይቀየረው ነው። ከስምንቱ ትንንሽ አጥንቶች አንዱ ስካፎይድ ይባላል፣ አውራ ጣት ስር ያለው። ኳስ ሲጫወቱ የወደቁ ልጆች፣ በረኞች፣ ከሞተርና ከባጃጅ የወደቁ ወጣቶች ይሄን ነው የሚሰብሩት። እብጠቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ እጁ ይንቀሳቀሳል፣ ልጁም "ደህና ነኝ" ብሎ ይሄዳል። እንዲህ አድርጋችሁ ሞክሩ፦ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጉ፣ በእጅ ጀርባ በኩል ከአውራ ጣቱ ስር ሁለት ጅማቶች ይወጣሉ፣ በመሃላቸው ትንሽዬ ጎድጓዳ ቦታ ትታያለች። እሷን በሌላኛው እጅ ጣት ጫን በሏት፣ ከጤነኛው እጅ ይልቅ ሹል ህመም ካላት ስካፎይድ ሊሆን ይችላል። የዚህ አጥንት ክፋቱ ደም የሚያገኘው ከጣት በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ በሚገባ ስስ ስር ስለሆነ ሲሰበር የኋለኛው ግማሽ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል፣ ከዛ ከዓመታት በኋላ በጎልማሳነቱ አንጓው ይበላሻል፣ መዶሻ መያዝ፣ ዶማ መያዝ ያቅተዋል። ሌላው ክፋቱ መጀመሪያ ቀን በተነሳ ራጅ ላይ ላይታይ መቻሉ ነው። "ራጅ ተነስቼ ምንም የለህም ተባልኩ" የሚል ሰው ያቺ ቦታ አሁንም ካመመችው አውራ ጣቱን ጭምር በሚይዝ ስፕሊንት (እጁ እንዳይንቀሳቀስ በሚያደርግ ድጋፍ) ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ተመልሶ ራጅ መነሳት አለበት። ይሄን ሳይነገራችሁ ከወጣችሁ እናንተው ጠይቁ።

ልጆች ላይ ነገሩ ይለያል። የልጅ አጥንት ለስላሳ ነው፣ ብዙ ጊዜ ለሁለት አይከፈልም፣ አንዱ ጎኑ ጨምደድ ይላል ወይ በከፊል ይሰነጠቃል። ጨምደድ ያለው ዓይነት በስፕሊንት ብቻ በ3 ሳምንት ገደማ ይድናል። ግን አጥንቱ የሚያድግበት መስመር ያለው እዛው አንጓው አጠገብ ነው፣ እሱ ተጎድቶ በደንብ ካልታየ እጁ እያጠረ ወይ እየተጣመመ ሊያድግ ይችላል፣ ስለዚህ "ልጅ ነው ይድናል" ብላችሁ አትተዉት። ትንሽዬ ልጅ እጁን አልጠቀምም ካለ፣ እንጀራ በሌላኛው እጅ መጉረስ ከጀመረ፣ ስትነኩት ካለቀሰ፣ ውሰዱት።

እናቶቻችን ላይ ደሞ፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንት ይሳሳል። አንዲት እናት ከቆመችበት፣ ሊሾ ላይ አንሸራትቷት ወድቃ አንጓዋ ከተሰበረ ይሄ የመውደቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ አጥንቷ እንደሳሳ ነው የሚነግራችሁ። ዛሬ አንጓ የተሰበረባት ነገ ዳሌዋ የመሰበር እድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል፣ የዳሌ ስብራት ደሞ አልጋ ላይ ያስቀራል። ጀሶ ታስሮ ሲያልቅ ሐኪሙን "የአጥንት መሳሳት አለባት ወይ? መድኃኒት ያስፈልጋታል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ለአስም ወይ ለመገጣጠሚያ ህመም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰውም እንደዛው ነው።

እንደወደቃችሁ

ከምንም በፊት ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር፣ የእጅ ክር፣ ሁሉንም አውልቁ። አሁኑኑ፣ እብጠቱ ሳይመጣ። ጣት ካበጠ በኋላ ቀለበት ደም ይዘጋል። እምቢ ካለ በሳሙና ወይ በቅባት ሞክሩ፣ አሁንም ካልወጣ ጤና ተቋም ስትደርሱ መጀመሪያ እሱን ንገሩ፣ ቀለበቱ ተቆርጦ ይወጣል። የጋብቻ ቀለበት ነው ብላችሁ አትሳሱ።

ከዛ እጁ እንዳይንቀሳቀስ ደግፉት። ካርቶን ይበቃል፣ የብስኩት ካርቶን ወይ የዘይት ካርቶን ቆርጣችሁ ከመዳፉ መሃል እስከ ክርን ስር ድረስ የሚደርስ አድርጉት፣ ውስጡን በልብስ አለስልሱት፣ እጁ ባለበት ቅርጽ እንዳለ አስቀምጡት። ለማቃናት እንዳትሞክሩ። በሻሽ ወይ በተቀደደ ጨርቅ ሁለት ቦታ እሰሩት፣ ከተሰበረበት ከፍ ብሎና ዝቅ ብሎ፣ እላዩ ላይ አይደለም፣ ከማሰሪያው ስር አንድ ጣት በቀላሉ መግባት አለበት። ጣቶቹ በሙሉ ይታዩ። ከዛ በነጠላ ወይ በሽርጥ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉለት፣ መዳፉ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ይበል።

ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። በረዶ ከሌለ ከሱቅ ፍሪጅ ቀዝቃዛ የውሃ ጠርሙስ ገዝታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 15 እስከ 20 ደቂቃ፣ አረፍ ብላችሁ ድገሙት። ሙቅ ውሃ፣ ቅቤ፣ ቪክስ የሚባል ነገር በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይነካውም፣ ሙቀትና ማሸት እብጠቱን ያብሱታል። ለህመሙ ፓራሲታሞል ለአዋቂ 500 ሚሊግራሙን ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ እንዳያልፍ፣ ጉበቱን የሚያመው ሰው ግን ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ፣ ለልጅ ደሞ በኪሎው ነው የሚሰላው። እጁ በጣም ከተጣመመ ሆስፒታል እስኪታይ ምግብ አትስጡት፣ ለማቃናት ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል። "ደንግጧል ቡና ይጠጣ፣ ትንሽ ይቅመስ" የምትሉ እናቶች ፍቅራችሁ ይገባኛል፣ ግን ከታየ በኋላ ይሁን።

ቁስል ካለበት፣ አጥንት ባይታይ እንኳን ከስብራቱ አጠገብ ቆዳው ከተቀደደ፣ ይሄ ነገ የሚባል አይደለም። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ፌጦ አትነስንሱበት፣ የወጣ አጥንት ወደ ውስጥ አትግፉ፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሩጡ። በሰዓታት ውስጥ በደም ስር አንቲባዮቲክ፣ የቲታነስ መርፌና እጥበት ያስፈልገዋል፣ ካለዚያ አጥንቱ ውስጥ ኢንፌክሽን ይገባል፣ እሱ ደሞ ለወራት የሚያንከራትት ነገር ነው።

ስለ ወጌሻ በግልጽ እናውራ

ወጌሻን የምሰድብ ሰው አይደለሁም። ደላንታ ወይ ወረኢሉ ገጠር ውስጥ ላለ ሰው መኪና መንገድ ለመድረስ ሰዓታት ይሄዳል፣ ወጌሻው ጎረቤቱ ነው፣ ያውቀዋል፣ አባቱንም አክሞለታል፣ ዋጋውም የአቅሙን ነው። ብዙዎቹም በቅን ልብ ነው የሚሰሩት። ግን እጅ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ማወቅ አለባችሁ። የተሰበረ ቦታ እብጠቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀን ይጨምራል። በቀርከሃ ወይ በሸምበቆ ዙሪያውን ተከቦ በገመድ ጠብቆ የታሰረ እጅ ግን የሚሰፋበት ቦታ የለውም። እብጠቱ ወደ ውጭ መሄድ ሲያቅተው ወደ ውስጥ ይጫናል፣ የደም ስሩን ያፍነዋል። ጡንቻ ደም ካጣ 6 ሰዓት ገደማ ሲሆነው መሞት ይጀምራል፣ የሞተ ጡንቻ ደሞ ተመልሶ አይድንም። እጅ የሚቆረጠው እንደዚህ ነው። "ሆስፒታል ሄዶ ተቆረጠ" የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል የደረሰው እጁ ጠቁሮ፣ ሸቶ፣ ከቀናት በኋላ ነው፣ የሚያየው ጎረቤት ግን መግባቱንና መቆረጡን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ይሄ ወሬ ስንቱን ሰው እንዳዘገየ ሳስበው ያመኛል።

ይሄ የማይለወጥ ነገርም አይደለም። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ለወጌሾች አጭር ስልጠና ተሰጥቷቸው ከዛ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር እንደቀነሰ የሚያሳይ ጥናት በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ስለዚህ ዘመዳችሁ ወጌሻ ከሆነ አትጣሉት፣ አስረዱት። የተሰበረው ሰው እምቢ ብሎ ወጌሻ ጋ መሄዱ ካልቀረ ደሞ ቢያንስ እነዚህን ለምኑልኝ፦ አይታሽ፣ ዙሪያውን ጠብቆ አይታሰር፣ ጣቶቹ አይሸፈኑ፣ የታሰረው ሰው "አመመኝ ፍቱልኝ" ካለ "ቻለው፣ ሊይዝልህ ነው" አይባል።

ይሄን የጣት ምርመራ ግን ሁላችሁም እወቁት፣ ካርቶንም ይሁን ቀርከሃ ይሁን ጀሶ፣ ማንኛውም ነገር ለታሰረበት ሰው ነው። የጣቱን ጥፍር ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ይነጣል፣ ስትለቁት ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። እኛ ጋ ሴቶቹ ጥፍራቸውን ሂና ወይ እንሶስላ ስለሚሞቁ ቀለሙ አያሳይም፣ ያኔ የጣቱን ጫፍ ሥጋውን ጫን ብላችሁ እዩት። ቀጥሎ ጣቶቹን በጉንጫችሁ ወይ በእጅ ጀርባ ንኩ፣ ከሌላው እጅ ይልቅ ቀዝቅዘዋል? ከዛ ዓይኑን ጨፍኖ የትኛውን ጣት እንደነካችሁት ይንገራችሁ፣ እያንዳንዱን ጣት። መጨረሻ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጉለት፣ ይሄ ዋናው ነው፣ ጣት ሲቃና ክንዱ ውስጥ ድረስ የሚያስጮህ ህመም ካለ አደጋ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ተነስታችሁ እዩ። ህመሙ በማስታገሻ እንደመቀነስ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይ ከጠቆረ፣ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ጨርቅ ድረስ ፍቱት፣ እጁን በልብ ቁመት ልክ አድርጋችሁ፣ ከዛ በላይ ከፍ ሳታደርጉ፣ በዛችው ሰዓት ሆስፒታል። ጀሶ ከሆነ ደሞ ጀሶ ያሰረላችሁ ቦታ በሌሊትም ቢሆን ሂዱ፣ ይሰነጠቅላችኋል። እስኪነጋ እንጠብቅ የሚባል ነገር የለም።

ሆስፒታል ስትደርሱ

ጤና ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ ራጅ የለውም፣ ግን ደግፎ አስሮ፣ ማስታገሻ ሰጥቶ ሪፈር ይጽፍላችኋል፣ የጤና መድን ካርድ ያላችሁ ሰዎች ደሞ በዛ በኩል ብትመጡ ወጪው ይቀልላችኋል፣ ካርዱን አትርሱ። ድንገተኛ ከሆነ ግን፣ ማለት ቁስል ካለ፣ ጣት ከደነዘዘ፣ እጁ በጣም ከተጣመመ፣ ቅርባችሁ ወዳለ ሆስፒታል ደሴም ይሁን ወልድያ በቀጥታ ሂዱ።

ራጁ ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ ነው የሚነሳው፣ ከላይና ከጎን። አጥንቱ ቦታውን ካልለቀቀ ይታሰራል፣ በቃ። ከለቀቀ በማደንዘዣ ተስቦ ይቃናና ይታሰራል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ግማሽ ጀሶ ነው፣ በአንድ ጎን ብቻ ሆኖ በፋሻ የሚጠቀለል። ሰዎች ይሄን ሲያዩ "ግማሽ አድርገው ሸኙኝ" ይላሉ፣ ሆን ተብሎ ነው፣ እብጠቱ መስፊያ እንዲያገኝ። ሲጎድል ሙሉ ይደረጋል።

ከዛ "ከሳምንት በኋላ ተመለስ" ትባላላችሁ። እባካችሁ ተመለሱ። ይሄ ነው ብዙው ሰው የሚቀርበት፣ ትራንስፖርቱ ይከብዳል፣ ህመሙም ቀንሷል፣ ምን ሊያዩልኝ ነው ይላል። እብጠቱ ሲጎድል ጀሶው ይሰፋል፣ የተቃናው አጥንት ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታል፣ እናንተ ደሞ አይታወቃችሁም። በመጀመሪያው ሳምንትና በሁለተኛው ሳምንት የሚነሳው ራጅ ይሄን ለመያዝ ነው፣ ያኔ ከተያዘ እንደገና ይቃናል፣ ከወር በኋላ ከሆነ ግን ተጣሞ ገጥሟል። ከሩቅ የምትመጡ ሰዎች የገበያ ቀን ጋር አገናኙት፣ ሰኞ ወደ ሰኞ ገበያ ስትመጡ ቀጠሮውንም በዛው ቀን አስደርጉት፣ ብትጠይቁ የማይተባበራችሁ ሐኪም ጥቂት ነው።

ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ቆዳ ሲቀደድ፣ ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ሲዛባ፣ ተቃንቶ እምቢ ሲል ወይ ነርቭ ሲነካ ነው። አንዳንዱ በቀጫጭን ሽቦ ይያዛል፣ ሽቦው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ይወጣል። አንዳንዱ በብረት ሳህንና በብሎን ይታሰራል፣ እሱ ካላስቸገረ እዛው ይኖራል፣ ብርድ ሲሆን ሊጠዘጥዝ ይችላል እንጂ አይዝግም።

ጀሶው ቤት ውስጥ

ለአዋቂ የራዲየስ ስብራት 6 ሳምንት ገደማ ነው፣ ስካፎይድ ከሆነ ይረዝማል፣ አንዳንዴ 12 ሳምንት ይደርሳል። ጀሶ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል፣ ደሴ ብርድና ርጥበቱ ሲበዛ ደሞ ይቆያል። ከሰል ምድጃ ላይ ይዛችሁ አታድርቁት፣ ውጩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ቆዳም ያቃጥላል። ጠንካራ ነገር ላይ አታሳርፉት፣ ትራስ ላይ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀን ስትተኙ ትራስ ደርባችሁ እጁን ከልብ ከፍ አድርጉ፣ በጣት ምርመራው ችግር ካላያችሁ በስተቀር።

ውሃ ነው ትልቁ ጠላቱ። አንዲት እማማ ጀሶአቸው እንደ ሊጥ ላልቶ መጡ፣ "እማማ፣ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሆነው?" አልኳቸው፣ "ልጄ ውዱእ ሳላደርግ እንዴት ልስገድ?" አሉኝ። በቀን አምስት ጊዜ እስከ ክርናቸው እያጠቡት ነው እኮ። ልክ ናቸው፣ ሶላት አይተውም፣ ግን ማንም አልነገራቸውም ነበር። የታሰረ ነገር ላይ በረጠበ እጅ ከላይ ማበስ እንደሚበቃ ኡስታዞቹ ይናገራሉ፣ ዝርዝሩን የሰፈራችሁን ኢማም ጠይቁ፣ እኔ የምለው ውሃ አይፍሰስበት ነው። ጠበል የሚሄዱ እናቶቼም፣ ጠበሉ ግንባርም ላይ ይደርሳል፣ ጠጡትም፣ ጀሶው ላይ ግን አታፍስሱት፣ ለካህኑ ብትነግሯቸው ይረዷችኋል። ሰውነት ስትታጠቡ ጀሶውን በፌስታል ሸፍናችሁ አፉን በላስቲክ አስራችሁ እጁን ከውሃው ውጭ አድርጉት።

ሲያሳክክ ጭራሮ፣ ሹራብ መስሪያ፣ የማንኪያ እጀታ አታስገቡ። ቆዳው ይላጣል፣ ውስጥ ለውስጥ ይመግላል፣ ከውጭ የምታዩት ሽታውን ብቻ ነው። ከውጭ መታ መታ አድርጉት። ከጀሶው ውስጥ መጥፎ ሽታ፣ ፈሳሽ ወይ አንድ ቦታ ላይ የሚያቃጥል ህመም ከመጣ ተመለሱ። ሲላላ ወይ ሲሰነጠቅም ተመለሱ፣ በፕላስተር አትጠግኑት፣ በመጋዝም በቢላም ራሳችሁ አትፍቱት።

ጣቶችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቀሳቅሱ። ሰው ይፈራል፣ "እንዳይላቀቅ" ይላል፣ ጣት ማንቀሳቀስ ስብራቱን አያላቅቀውም። ሙሉ በሙሉ ጨብጡ፣ ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ክርንና ትከሻም እንደዛው፣ በነጠላ አንጠልጥሎ 6 ሳምንት የተቀመጠ ትከሻ ራሱን የቻለ በሽታ ይሆናል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ለእነዚህ ሳምንታት እንኳን ያቁም፣ አጥንት መግጠሙን ያዘገየዋል።

ምግብን በተመለከተ፣ የአጥንት መረቅ ብቻ ይጠጣ የሚባለው ጥሩ ነው፣ ያሞቃል፣ ያበረታል፣ ካልሲየም ግን ከሱ ብዙ አይገኝም። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ሐበሻ ጎመን፣ ሰሊጥ፣ የጤፍ እንጀራ፣ እነዚህ ይሻላሉ። እንቁላልና ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ ለፕሮቲን። ጾም ከሆነ ሰሊጥና ጎመኑን አብዙት። ፀሐይ ሲወጣ ደሞ ክንድና እግር ገልጦ መሞቅ፣ ቫይታሚን ዲ ከዛ ነው፣ ቤት ውስጥ ለሚውሉ እናቶች በተለይ።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ

እጁ ቀጥኖ፣ ቆዳው ተቀርፎ፣ አንጓው ግትር ብሎ ስታዩት አትደንግጡ። አሁንም ወደ ማሸት አትሂዱ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ነክራችሁ እዛው ውሃ ውስጥ አንጓውን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ። ክርናችሁን ከጎናችሁ አስጠግታችሁ መዳፉን ወደ ሰማይ ወደ መሬት አዙሩት፣ ይሄኛው ነው ዘግይቶ የሚመለሰው፣ እንጀራ ስትጎርሱ፣ ሳንቲም ስትቀበሉ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ስለሆነ አትተዉት። ከዛ የጨርቅ ኳስ ወይ ካልሲ ጠቅልላችሁ ጨብጡ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ትንሽ እስኪወጥር እንጂ እስኪያስለቅስ አይደለም። ጀሪካን፣ ዶማ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ልጅ ማዘል ሐኪሙ እሺ እስኪል ይቆዩ። ጉልበቱ የሚመለሰው ከ3 እስከ 6 ወር ነው፣ አንዳንዱ ዓመት ይፈጅበታል።

ሦስት ነገር ካያችሁ ግን አትጠብቁ። እጁ እየተቃጠለ የሚያም፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያልበው፣ ልብስ ሲነካው እንኳን የማይችል ከሆነ፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ሌሊት ሌሊት ከደነዘዙ፤ ወይ ደሞ ቀላል በተባለ ስብራት ላይ ከሳምንታት በኋላ አውራ ጣቱ ድንገት ወደ ላይ መነሳት ካቃተው፣ ይሄኛው ጅማቱ ተበጥሶ ነው።

እንዳትወድቁ

የጫማችሁን ሶል ገልብጣችሁ እዩት፣ ልሙጥ ከሆነ ለክረምት አይሆንም፣ በተለይ የተበላ ኮንጎ ጫማና ስሊፐር። አባቶቻችን ቁልቁለት ላይ ምርኩዝ ይያዙ፣ ዓይናቸው ከደከመ ይታዩ። ሊሾ ወለል ያለው ቤት ሲወለወል ሳይደርቅ እማማ አይራመዱበት፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ሌሊት መብራት ወይ የእጅ ባትሪ ይኑር፣ ድንጋዩና ጀሪካኑ ከመንገዱ ይነሳ። ለደም ግፊት መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ሁለት ደቂቃ ቆይተው ይቁሙ። ሴት አያቶች ቤት ውስጥም ቢሆን በየቀኑ ይራመዱ፣ ወንበር ይዘው በአንድ እግር መቆም ይለማመዱ፣ ሚዛን በልምምድ ይመጣል። ሞተር የሚነዱ ልጆች ጓንት ያድርጉ፣ ሐረጎ መውረጃ ላይ በዝናብ አይሽቀዳደሙ። ልጆች በለስና ሾላ ላይ መውጣታቸው አይቀርም፣ ከዛፉ ስር ያለውን ድንጋይ ግን እናንተ ማንሳት ትችላላችሁ።